ዜና ጆሮሁ ለሐጂ ሸረፈዲን

በዘመነ ኤአይ፣ ስልክ ሁሉ ሐኪም በሆነ በሁለተኛው ዓመት፣ በሻዕባን ወር፣ የኮምቦልቻው ጨርቅ ነጋዴ፣ የሜትር ጌታ፣ የአቡጀዴ አንበሳ ሐጂ ሸረፈዲን ሁለቱም ጆሯቸው ድፍን አለ። ያውም በልጃቸው በኢንሻራህ የኒካህ ቀን ጠዋት። ልጁን የሚድር አባት የሙሽራውን ቃል በገዛ ጆሮው ካልሰማ ውክልናውን ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላው ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው ሀዚም ነው፤ ሀዚም ለዚህ ቀን ጀለቢያውን አስተኩሶ ከርሟል። ለሱ ከመስጠት ሞት ይሻላቸዋል።

ወእምዝ ተነሱ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ሽቅብ ወጥተው ወደ ደሴ ክሊኒክ ሲዘምቱ የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው፦ ጉልበታቸውን የሚቆረጥማቸው ባለቤታቸው እትዬ ጀዋሂር፤ ጨጓራው የሚነደው ሀዚም፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ምራታቸው መርየም፤ ሌላም ጎረቤት ነበረ፣ ተውት።

በክሊኒኩ በር ኤአይ ያለበት ታብሌት ተሹሟል፤ ሥራውም የታማሚን ቃል ሰምቶ ለነርሷ ለሰልዋ አሳጥሮ መጻፍ ነው፤ ሌላ ቀን ያግዛል፣ አልዋሽም። ግን በኛ አገር ታማሚ ስለራሱ አይናገርም፤ ዘመድ ምን ይሠራል ታዲያ! ሁሉም ታብሌቱን ከበው፣ ስለ ሐጂ ጀምረው ስለራሳቸው ጨረሱ፤ እትዬ ጀዋሂር «ባሌ አይሰማኝም» ብለው አከሉ፤ ሐጂም አንድ ነገር ሳይሰሙ ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታብሌቱም ሳያፍር አወጀ፦

«ታማሚው የሰባ ዓመት ወንድ ነው። የአምስት ወር እርጉዝ ነው። ጉልበቱን ይቆረጥመዋል፣ ጨጓራው ይነዳል፣ ባሉም አይሰማውም። በአስቸኳይ የማህፀን ሐኪም ይየው።»

ሀዚም በደስታ አወጀ፦ «ወላሂ እርጉዝ ኒካህ አያስርም! ውክልናውን ወዲህ!»

ሰልዋ ሰዓቷን አየች፤ አወጀችም፦ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ! ከታማሚው በቀር የታመመ ሁሉ ይውጣ!»

እትዬ ጀዋሂር አዋጁን በአዋጅ መለሱ፦ «አንቺ ልጅ፣ የሱን ሕመም ከኔ በላይ እሱ ያውቃል?» ወጡ ግን።

ብቻቸውን የቀሩት ሐጂ፣ ሰልዋ ጆሯቸውን በጣቷ ጠቁማ ታብሌቱን ብታስጠጋላቸው፣ ደሴ እስኪሰማ ጮኹ፦ «ሁለቱም ተደፍኗል! በክብሪት እንጨት ቆፈርኩት፣ ባሰ!»

ታብሌቱ ያኔ አደብ ገዛ፦ «ኩክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጆሮ ውስጥ ማየት አልችልም፤ ሰው ይየው። እንጨት ዳግመኛ አይግባ።»

ሰው አየው። ሰልዋ መብራቷን ይዛ ወደ ጨለማው ዋሻ ዘለቀች፣ ታምቡሩ ደኅና መሆኑን አረጋገጠች፣ ለብ ባለ ውኃ ጠላትን ከበበች፣ የተምር ፍሬ የሚያክል ኩክ ከነክብሪቱ ራስ ማረከች፤ ሁለተኛውም ጆሮ ይህን አይቶ እጅ ሰጠ። ሐጂ መጀመሪያ የሰሙት ከበሩ ውጭ «ውክልናውን ገና አልሰጠም?» የሚለውን ወንድማቸውን ነው፤ አወጁም፦ «ሀዚም፣ አፍህን ዝጋ፣ ሰማሁህ!»

ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ለዙሁር ደረሱ። ከሶላት በኋላ ሐጂ «ልጄን ድሬልሃለሁ» አሉ፤ ሙሽራው ሀፊዝ «ተቀብያለሁ» አለ።

ሐጂ ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው አወጁ፦ «ድገመው!»

ሀዚም ብድግ አለ፦ «አልሰማም! ጀመዓ፣ አልሰማም!»

ሙሽራው ላብ በላብ ሆኖ ደገመው። ሐጂ ፂማቸው በእንባ ርሶ አወጁ፦ «መጀመሪያም ሰምቻለሁ። ጣመኝና ነው።»

ውዳሴ ለሐጂ ሸረፈዲን ይገባል፤ ከሐይቅ እስከ ቦርከና እንዲህ ያለ ጆሮ ከዚህ በፊት አልታጠበም፣ ከዚህ በኋላም አይታጠብም።