ጋሽ መሸሻ እና የጠዋቱ ዝርዝር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ተበላሽቶ ሁሉም ሲራወጥ ወንበሩን ሳብ አድርጎ የሚቀመጥ። የእኛው፣ ክቡር ጋሽ መሸሻ ነበሩ።

ሽሮ ሜዳ ካለው ቢሯችን የሀበሻ ልብስ በድረ ገጽ እንሸጣለን። ሰርቨሩ የገባውን ትእዛዝ ሰብስቦ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራሱ ለሸማኔዎቹ ስልክ ይልካል። ዝርዝሩ ካልደረሰ ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዝርዝሩ አራት ሰዓት ላይ መድረስ ጀመረ። ሰርቨሩን አጥፍቼ ላበራው ስል ጋሽ መሸሻ እጄን ያዙኝ። "መጀመሪያ የጻፈውን አንብብ" አሉ። ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ሎግ ማለታቸው ነው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ከአንደኛው መስመር ጀመሩ። ለካ ሰርቨሩ የሚሄደው በውጭ ሰዓት ኖሯል፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። "አልሰነፈም፤ እሱ ዘንድ ገና አልነጋም" ብለው አስተካከሉት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔ ሳዘው እሺ የሚል ፕሮግራም፣ ሰዓቱ ደርሶ በራሱ ሲነሳ ይከሽፍ ነበር። ሁለት መቶ መስመር አስነበቡኝ። ምሳዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስላልጻፍኩ፣ ብቻውን ሲነሳ ፋይሉ ያለበት እንደሚጠፋው ደረስንበት። ያን ቀን ጋሽ መሸሻን የሚወስድልኝ ባገኝ መርቄ እሸኛቸው ነበር።

አምና ዓይናቸው ደከመ። ፊደሉን ማጉላት ጀመሩ፤ ኋላ ኋላ ስክሪኑን አራት ቃል ብቻ ይሞላው ጀመር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ሥራውን ትተው ሸጎሌ ቤታቸው ገቡ። "ከእንግዲህ አንተ አንብብ" ብቻ ነው ያሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ነፃነት ነበር። እንዳሻኝ አጠፋለሁ፣ አበራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የሚከለክለኝ ሰው እንደሌለ ገባኝና ቢሮው ሰፋብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ዝርዝሩ ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ጀቤሳ የሚባለው ሸማኔያችን ከቁስቋም ደወለ፤ ለቅዳሜ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ይዞ የጥለቱ ቀለም የተጻፈበትን ዝርዝር እየጠበቀ ነው። እጄ ወደ ማጥፊያው ሄዶ ተመለሰ። ከአንደኛው መስመር ጀምሬ አነበብኩ። ሰርቨሩ በአሮጌ ፋይል ሞልቶ ዝርዝሩን የሚጽፍበት ቦታ አጥቷል። አሮጌውን አጸዳሁ፣ ዝርዝሩን ላክሁ። ጀቤሳ ዝርዝሩ እንደደረሰው ነግሮኝ ሥራው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ለጋሽ መሸሻ ደወልኩ። ዝርዝሩ እምቢ እንዳለኝና እንደተቸገርኩ ነገርኳቸው።

"ድምፅህ የተቸገረ ሰው ድምፅ አይደለም" አሉ። "ተስተካክሏል አይደል?"

አመንኩ። ከበስተኋላቸው የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮውን ዘጉት።

"ቢሆንም ንገረኝ" አሉ። "የቱ ጋ ተሳሳትክ?"

የተሳሳትኩት አንድ ቦታ ነበር፤ አሮጌውን ፋይል በጊዜው አለማጽዳቴ። ሦስት ቦታ ነው አልኳቸውና አንድ በአንድ እነግራቸው ጀመር።