ጓድ ሊቀመንበሩን ያቆመች መቋሚያ

ሰው ሁሉ መቆም የሚችል ይመስለዋል። እስቲ ሞክሩት፤ ዓይናችሁን ሳታርገበግቡ፣ ጉንጫችሁን ሳታኩ፣ «በቃ» እስክትባሉ ድረስ ቁሙ። የጣና ትንኝ ሁሉ ያን ጊዜ አፍንጫችሁን ይፈልጋል።

ይህን ያስተማረችኝ የባለቤቴ የአያሌው ካሜራ ናት። ሲያጥፏት እንደ ጸሎት መጽሐፍ ኪስ የምትገባ፣ ሲከፍቷት እንደ አንጥረኛ ወናፍ የምትዘረጋ አሮጌ ካሜራ ነበረች። ሌንሷ እንከን የለውም፤ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያዋ ግን እርጥበት ገብቶበት ዝሏል፤ ፈጥኖ ይከፈትና ለመዘጋት ያዛጋል። የሌላው ካሜራ «ቀጭ» ሲል የእኛዋ «ቀ...ጭ» ትላለች። በዚያ መሐል የተነቃነቀ ሰው ፎቶው ላይ ጭስ ሆኖ ይወጣል። አያሌው ግን ሊጥላት አልፈለገም። ከፋብሪካ ሥራው ሲወጣ፣ ሐይቁ ዳር ከዋርካው ጥላ ሥር፣ ብርሃን እንዳይበዛ የሌንሷን ቀዳዳ አጥብቦ ሰው ያነሣባታል። ደስታው እሷ ነበረች። እኔማ ሚስቱ ነበርሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ፈለጉ። አያሌው አነሣቸው። በዚያው ፊልም ከዘጌ መጥተው ጎረቤታችን የሆኑትን መሪጌታ ፈንቴንም አነሣ። ፊልሙ ታጠበ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጆሮ አወጡ።

«ይኼ አሻጥር ነው!» አሉ ቤታችን ድረስ መጥተው። «ነገ ደግመህ ታነሣኛለህ። ከተበላሸ ካሜራው ይወረሳል፤ አንተም ትጠየቃለህ!»

አያሌው ዐመድ መሰለ። እኔ የመሪጌታን ፎቶ አንሥቼ አየሁ። የጢማቸው ጠጉር ሳይቀር ይቆጠራል፤ በዚያችው ካሜራ! ለካ መሪጌታ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ካስገቡ ዋርካው ይወዛወዝ ይሆናል እንጂ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም።

በማግሥቱ «መሪጌታ፣ መቋሚያዎን ለጓድ ሊቀመንበር ያውሱልኝ» አልኋቸው።

«በየስብሰባው ‹ቄስ ሥራ ፈት ነው› ለሚለው?» ብለው ሳቁ። «እንኪ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ቁሞ ይየው!» ሊያዩም ወደ ዋርካው ተከትለውኝ መጡ።

ሊቀመንበሩ ግን መቋሚያዋን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። «እኔ በቄስ ዱላ?»

«ካፖርትዎን ቢደርቡባት ማን ያያል፣ ጓድ?»

ሦስተኛ ጆሯቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጧት።

«አይዞህ ጓድ፣ ይኼ ገና ዋዜማው ነው!» አሉ መሪጌታ ከዳር ሆነው።

ቀ...ጭ።

ጥርት ብሎ ወጣ! ካሜራችን ተረፈች፤ ፎቶውም አዳራሹ ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ልብ ብሎ ላየው፣ ከካፖርቱ በታች የመቋሚያዋ ጫፍ ብቅ ብላለች። ሦስቱ ጆሮ ቀርቶ ሦስት እግር። «ሃይማኖት ኋላ ቀር ነው» የሚለው ንግግር ሁሉ ከዚያ ወዲያ የተደረገው ከዚያ ፎቶ ሥር ነው።

ያ ፎቶ በተነሣበት ዕለት አያሌው ካሜራዋን እጄ ላይ አኖረና መቋሚያዋን ተደግፎ «በይ አንቺም አንሺኝ» አለኝ። ግን የሊቀመንበሩን አቋቋም ሊያስመስል ሲሞክር ሳቁ አመለጠው። ጭስ ሆኖ ወጣ።

ካረፈ ወዲህ ለቅሶ የሚደርሱ ሁሉ ያን ፎቶ እያዩ «ምነው፣ ከዚህ የጠራ ፎቶ የለውም?» ይሉኛል። የለውም፤ ሁልጊዜ ከካሜራዋ ጀርባ ነበረ። እኔም አልከፋኝም። ሊቀመንበሩ እዚያው ቆመው ቀርተዋል። የእኔ አያሌው እስከ ዛሬ ይስቃል።