የዝዮቹ ብሔራዊ ቡድን

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ተራራውን እየዞረ በሚወጣ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ሳይደበዝዝብኝ ልንገራችሁ።

ታንግ ሹፈን እባላለሁ። ቻይናዊት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉልበቴ አልታዘዝ እስኪለኝ ድረስ እንጀራዬ ባድሜንተን ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ መሀል ላይ መረብ ይወጠራል፤ በዚህና በዚያ ወገን የቆሙት በቀጭን ራኬት አንዲት ላባ ኳስ ይመታሉ። በወገኑ መሬት ላይ የወደቀችበት ነጥብ ያጣል። ላባዋ ከዝይ ክንፍ የተነቀለ ነው። በአንድ ልምምድ ብቻ ስንቷን ሰባብረን እንደምንጥል እኛ ነን የምናውቀው። ስለ ዝዮቹ ግን እስከ ትናንት አስቤ አላውቅም።

ሕልሙ የጀመረው በሽኝት ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቆሜያለሁ። መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ወንበሮቹ ላይ ዝዮች ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ከረባት አስረዋል። አንድ ወፍራም ዝይ መድረክ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራንና ክቡራት» አለ፣ «ታንግ ሹፈን ዛሬ በጡረታ ሥራዋን ትጀምራለች። እናጨብጭብላት!»

በክንፋቸው አጨበጨቡ። ከንፋሱ የተነሳ ፀጉሬ ተበተነ። እቅፍ አበባ ሰጡኝ፣ ክራንች ሰጡኝ፣ ከዚያ ጉልበቴን በፋሻ ጠመጠሙልኝ። እኔም አለቀስኩ። በእውኑ ስሰናበት አበባ የሰጠኝ ሰው የለም። ከጉልበት ቀዶ ጥገና ስመለስ አንዲት የማላውቃት ልጅ በቡድኑ ማደሪያ መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታወልቅ አገኘኋት። ደንግጣ ተነሳች። «እህቴ፣ ዕቃሽን ኮሪደር ላይ አውጥተውታል። እኔ አልነካሁም» አለችኝ። ሽኝቴ ያ ነበር። ስለዚህ የዝዮቹ ጭብጨባ ደስ አለኝ።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኩት ወፍራሙን ዝይ።

«አሁን ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። እዚህ ሁሉም የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። አሰልጣኝሽ እኔ ነኝ፤ ጌታዬ በይኝ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

አዳራሹ የልምምድ ቤት ሆነ። እዚያ የሚሮጡት አሰልጣኞች ናቸው፤ ተጫዋቾች ዳር ተቀምጠው ይሰድቧቸዋል። እኔን ያሳደጉኝን አሰልጣኝ ኩዋንግን አየኋቸው። አሸዋ የተሞላ ሰደርያ ለብሰው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ እንደ እንቁራሪት እየተቀመጡ እየተነሱ ይዘላሉ። እኚህ ሰው ልጅ ሳለሁ «የሩዝ ማሳሽ ይሻልሻል፣ ተመለሺ» እያሉ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ያስሮጡኝ የነበሩ ናቸው። ፊታቸው ልክ እንደ ሸክላ ቀልቷል።

«ስደቢያቸው» አለኝ ዝዩ።

አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አሰልጣኝ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡ» አልኩ።

ዝዩ ፊሽካውን ነፋ። ልምምዱ ቆመ። «ለሰው አዘነች!» ብሎ ጮኸ። ዝዮቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። አሰልጣኝ ኩዋንግም አፍረው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በቅጣት ወደ ኳስ ክፍል ወሰዱኝ።

ኳስ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ትናንሽ ልጃገረዶች በርጩማ ላይ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዷ ኋላ አንድ ዝይ ቆሞ በምንቃሩ ፀጉሯን ይነቅላል፤ ያውም ከግራ ጎኗ ብቻ። የተነቀለውን በክር እያሰሩ ኳስ ይሠሩበታል። ልጆቹ አያለቅሱም። አንዷ በተነቀለች ቁጥር «አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» ትላለች። ሌሎቹም እሷን እየሰሙ ማለት ጀመሩ።

«ለምን ግራውን ብቻ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ግራና ቀኙ ከተቀላቀለ ኳሷ ስትበር ትንጋደዳለች» አለኝ ዝዩ በትዕግሥት። «እናንተስ ከአንድ ወገን ክንፍ አይደል የምትነቅሉት? እኛ ይህን ከማን የተማርን ይመስልሻል?»

ዓይኔን ወደ ልጆቹ ራስ መለስኩ።

«አታስቢ፣ ይበቅላል» አለና አንድ ኳስ ሰጠኝ። «ዛሬ ጨዋታ አለሽ። በዚህች ነው የምትጫወቺው።»

ኳሷን በመብራት አየኋት። የፀጉሩ ጫፍ ብርቱካንማ ነበር። ወዲያው አወቅሁት፤ የሚንዡ ፀጉር ነው።

ሁ ሚንዡ አብራኝ ያደገች ልጅ ናት። በስፖርት ትምህርት ቤቱ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። አንድ ጊዜ ተደብቃ የፀጉሯን ጫፍ ብርቱካንማ ቀለም ነከረችና ቡድኑ ፊት አስቁመው በመቀስ ቆረጡት። እሷ ግን ሳቀች። ከእኔ በላይ ተጫዋች ነበረች፤ ያንን ሁለታችንም እናውቃለን። በአንድ ትልቅ ውድድር ግማሽ ፍፃሜ ላይ እኔና እሷ ተገናኘን። አለቆቹ ለፍፃሜው የፈለጉት እኔን ነበር። የምትጠብቀኝን የውጭ ተጫዋች ቀደም ብዬ አሸንፌያት ስለማውቅ፣ ሜዳሊያው በእኔ እጅ ይገባል ብለው አስበዋል። ስለዚህ ሚንዡን ጠርተው «ዛሬ ትሸነፊያለሽ» አሏት። ለእኔ የነገረኝ የለም። ሚንዡ እሺም እንቢም ሳትል ወጣችና ተጫወተች። አሸነፈችኝ። ፍፃሜው ላይ ተሸነፈች፤ ከዚያም ከቡድኑ አባረው ወደ ትውልድ መንደሯ ሰደዷት። ፎቶዋ ከአዳራሹ ግድግዳ ወረደ፤ ስሟንም የሚጠራ ጠፋ።

በሕልሜ ዝዩ ወደ ሜዳው እየገፋኝ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

«ዛሬ ታሸንፊያለሽ። ትእዛዝ ነው።»

«እዚህ ያሸነፈ ምን ይሆናል?»

«ይዋረዳላ! ፎቶው ይወርዳል፣ ስሙ አይጠራም። የሚከበረው የተሸነፈው ነው።»

ከመረቡ ወዲያ ሚንዡ ቆማለች። በግራ ጎኗ ፀጉሯ ተነቅሎ የራሷ ቆዳ ይታያል። በዳኛው ወንበር ላይ ያረጀ ዝይ ተቀምጦ ያንቀላፋል።

«ጀምሩ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

መታሁ። ኳሷ በሚንዡ ድምፅ «ወይኔ» አለች። ሚንዡ መለሰችልኝ፤ ኳሷ እንደገና «ወይኔ» አለች። ተመልካቹ ተደሰተ። ሦስተኛ ልመታ ራኬቴን አነሳሁና መልሼ ዝቅ አደረግሁት። ሚንዡም ራኬቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ኳሷ ግን አልወደቀችም። ከመረቡ በላይ፣ አየር ላይ ቆመች።

ዳኛው ነቃ። ሽቅብ አያት፣ ሰዓቱን አየ፣ በመጨረሻ «እስክትወርድ ምሳ እንብላ» አለ። ዝዮቹ ሁሉ እየተጋፉ ወጡ።

እኔና ሚንዡ ከኳሷ ሥር ቁጭ አልን።

«ያኔ ነግረውሽ ነበር?» አለችኝ።

«አልነገሩኝም። እምልልሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ብታውቂ ኖሮ እንደዚያ አትሮጪም ነበር።» ጫማዋን ታጠብቅ ጀመር። «ማታ እራት ላይ ሾርባዬን ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። ሁሉም ወንበር ሰው አለበት አሉኝ። ቆሜ ጠጣሁት።»

«እኔ ክፍሌን ዘግቼ እያለቀስኩ ነበር። የተሸነፍኩ መስሎኝ።»

«ተሸንፈሻል እኮ!» አለችና ሳቀች። «ሹፈን፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጥሩ ጨዋታ ነበር?»

«በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አልተጫወትኩም።»

«እኔም» አለች። «ይህን ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

በእውኑ ይህን ነግሬያት አላውቅም። ከፍፃሜው ማግስት ክፍሏ ስሄድ አልጋዋ ተነጥፎ እሷ አልነበረችም፤ ስልኳም ተዘጋ። አንዷ የጫማ መደብር ውስጥ አየኋት ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ታማለች፣ ሰው አትለይም አለችኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም።

ከውጭ የዝዮቹ ጫጫታ ተሰማ። ምሳቸውን ጨርሰው እየመጡ ነው። ሚንዡ ተነሳች፣ ጣቶቿ ላይ ቆማ ኳሷን ወደ እኔ ወገን እፍ አለቻት።

«ተይ፣ ሚንዡ! ነጥቡን ትወስጃለሽ! እንደገና ያባርሩሻል!»

«ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ኳሷ እግሬ ሥር ወደቀች። ዝዮቹ ገቡና ሚንዡን በምንቃራቸው እጀጌዋን ይዘው ጎተቷት። አልታገለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ልታየኝ ሞከረች፤ አንዱ ዝይ በክንፉ ፊቷን ጋረደው።

ለእኔ ሙዚቃ ተመታልኝ። ወፍራሙ ዝይ አንገቴን ዝቅ እንዳደርግ ነገረኝና ሜዳሊያዎቼን ያወልቅ ጀመር። የመጀመሪያውን ሲያወልቅ ጉልበቴ ዳነ። ሌላውን ሲያወልቅ የትከሻዬ ሕመም ጠፋ። እያንዳንዱ በወለቀ ቁጥር እኔም አጠርኩ። ቱታዬ ሰፋኝ፣ ራኬቱ ከበደኝ፣ የፊት ጥርሴ ተነቀነቀ። የመጨረሻው ሲወልቅ የዝዩ ሆድ ላይ ብቻ ነበር የምደርሰው።

«ሥራሽን ጨረስሽ» አለኝ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። «አሁን ልጅ ነሽ። ወደ እናትሽ እንሂድ።»

እውነቱን ለመናገር፣ በጨዋታ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። በክንፉ ይዞኝ በመንደራችን ወንዝ ዳር ሄድን። ቤታችንን ከሩቅ አወቅሁት፤ ጣሪያው በአንድ ወገን ዘምሟል፣ ደጁ ላይ ቃሪያ ተሰጥቷል። እየሮጥኩ ገባሁ።

እናቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። ወፍራም የብርድ ኮቷን ለብሳለች። አልተነሳችም።

«እማ! መጣሁ!»

«ቀስ በይ» አለችኝ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ተኝተዋል።»

ከኮቷ ሥር ነጫጭ እንቁላሎች ይታያሉ። የዝይ እንቁላል ታቅፋለች።

ዝዩ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እናት፣ ልጅዎን አምጥተናል፤ ይረከቡን» አለ።

እናቴ አየችኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ የምታይ ነው የምትመስለው።

«እኔ የሰጠኋችሁ ሻምፒዮን አድርጓት ብዬ ነው» አለች። «ልጅ ብትመልሱልኝ ምን አደርጋታለሁ?»

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ። ሹፈን።»

«ሹፈን ጤዛ የመሰለ ድምፅ ነበራት። የአንቺ ድምፅ የጎረነነ ነው።»

«ስጮህ ነዋ! በየነጥቡ እየጮኽኩ ነው!»

«ይሆናል» አለች። ከዚያ አንዱን እንቁላል አውጥታ በእጇ አሟሟቀችው። «አትቀየሚኝ የኔ ልጅ። ከሄድሽ በኋላ ይህን አልጋ ባዶውን ማየት አቃተኝ። ሰው ቢጠፋ እነዚህን አመጣሁ። አሁን ቦታ የለም።»

«ከሥር ልተኛ? መሬት ላይ?»

«እነሱ ሲፈለፈሉ መሬቱን ይፈልጉታል።»

ዝዩን ለማየት ዞርኩ፤ እሱም እያለቀሰ ነበር። እናቴ እጅ ላይ ያለው እንቁላል ከውስጥ ይመታ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እናቴ ፈገግ አለችለት። እኔ ሕፃን ሳለሁ ፈገግ የምትልልኝን ፈገግታ ነበር። ኳ፣ ኳ።

ነቃሁ።

አንዲት ሴት በጣቷ የመኪናውን መስኮት ትመታለች። ተራራው ላይ ካለች አንዲት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆመናል። ከፊት ወንበር ያሉት አሰልጣኝ ኩዋንግ ዞር አሉ። አሁን አለቃዬ ናቸው፤ ለስፖርት ትምህርት ቤቱ ልጆች የምንመርጠው እኔና እሳቸው ነን።

«ሹፈን፣ ተነሺ እንጂ። ደርሰናል» አሉኝ።

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ሴትየዋ አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛለች። የልጅቷ ፀጉር ታጥቦ ገና አልደረቀም።

«መምህርት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ ልቅደም ብዬ ነው» አለችኝ ሴትየዋ እየተሽቆጠቆጠች። «እርስዎን በቴሌቪዥን አይተንዎታል። ክንዷ ረጅም ነው፤ እናንተ ደግሞ ረጅም ክንድ ትፈልጋላችሁ አሉኝ። አታለቅስም፤ መክሬያታለሁ። አታስቸግራችሁም።»

ልጅቷን አየኋት። ስሟን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

«እናቴ እዚያ ሆኜ ልትጠይቀኝ ትችላለች?» አለችኝ ቀድማ።

እናትየዋ ትከሻዋን ቆንጠጥ አደረገቻትና «ክንድሽን አሳዪያቸው» አለች።

ልጅቷ ክንዶቿን በሁለቱም ወገን ዘረጋች። አሰልጣኝ ኩዋንግ መነጽራቸውን አደረጉ።

በእርግጥ ረጅም ነበር።