መንገድ ያልሄደው ዶቅዶቄ የመንገድ ሒሳብ

ዋጋ እንደ ሰው ነው፤ ስም አለው፣ አባት አለው፣ አያት አለው። ሻጭ ሲያስተዋውቃችሁ ግን መጀመሪያ ስሙን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። «ሁለት ሺህ አራት መቶ» ይላችኋል ለስለስ ባለ ድምፅ። ደስ ብሏችሁ ኪሳችሁን ስትዳብሱ አባትየው ብቅ ይላል፦ ማጓጓዣ። እሱን ጨብጣችሁ ሳትጨርሱ አያትየው ይከተላል፦ መገጣጠሚያ። ከዚያ ዘመድ አዝማዱ፣ ጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚባለው የሩቅ አጎት ሳይቀር፣ በተርታ ይሰለፍላችኋል። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ከትምህርት ቤትማ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። የተማርኩት ወደብ ላይ ከሚጣሉ ሣጥኖችና ከማሽን መመሪያዎች ነው፤ እንግሊዝኛውንም «ይህ ጎን ወደ ላይ» ከሚለው ጽሑፍ ጀምሬ ነው ወደ ላይ የወጣሁት።

የተማርኩትን ደግሞ ለብቻዬ መያዝ አልችልበትም። ሳያጎርስ መብላት የማይሆንለት ሰው አለ አይደል? እኔም ያወቅሁትን ካላጎረስኩ አይሆንልኝም፤ ጎራሹ ቢጠግብም። ባልደረቦቼ «ሊቁ» ይሉኛል። ለማሾፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙ ስለሚስማማኝ ግን አልተቃወምኩም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ያኔ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የመካኒክ ረዳት። ኮንትራት ማለት፣ ለማታውቁት ላስረዳ፣ ሥራው እንደ ባለቤት፣ ወንበሩ እንደ እንግዳ ማለት ነው። የሠራተኛው ሰርቪስ ለቋሚዎች ብቻ ስለነበር ከከተማ እስከ ማጣሪያው የምሄደው የጭነት መኪና ለምኜ ነው። መኪና ሲገኝ በሰዓቱ፣ ሲታጣ የአሰብ ፀሐይ አናቴን ካበሰለችው በኋላ እደርሳለሁ። አንድ ሐሙስ ካቦአችን ጋሽ ንጉሤ ወደ ጥላ ጠራኝ።

«ስማ ሊቁ፣ በጠዋት ፈረቃ አንድ ቋሚ ቦታ ተከፍቷል። እጅህ ጎበዝ ነው። አፍህንም ችለነዋል። እግርህ ግን አያስተማምንም። ሰኞ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ካገኘሁህ ስምህን እጽፋለሁ። ካጣሁህ የሚቀጥለውን።»

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት እቁብ ደርሶኛል። ከነበረችኝ ጋር ስደምራት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ሆነች። ዶቅዶቄ እገዛለሁ፣ ሰኞ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ቋሚ እሆናለሁ። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሳልህ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ከወደቡ በር አንድ ሲጋራ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው። ዶቅዶቄው እንደታሸገ ሣጥኑ ውስጥ ቆሟል፤ የቀረውም እሱ ብቻ ነበር። ሐጂ በግንባራቸው ላይ ያለውን ላብ በፎጣቸው ጠርገው ዋጋውን ከነዘመዶቹ አነበቡልኝ፦ ዶቅዶቄው ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ማጓጓዣ መቶ ሰማንያ፣ መገጣጠሚያ ዘጠና፣ ሊብሬና ታርጋ ማስፈጸሚያ ስልሳ። መቶ ሠላሳ ብር ጎደለኝ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ማጓጓዣው ከየት እስከ የት ነው?»

«ከአሰብ አዲስ አበባ።»

«ይህ ዶቅዶቄ አዲስ አበባን ዐይቶ ያውቃል?»

«ከመርከብ ወርዶ እዚህ ነው የቆመው፤ ወለዲ፣ ልጄ፣ ምን ያደርግልሃል?»

«ታዲያ ያልሄደበትን መንገድ ለምን እከፍላለሁ?»

«የዋጋው ወረቀት የመጣው ከአዲስ አበባ ነዋ! ዕቃው ባይሄድ ወረቀቱ ሄዷል።»

አያችሁ የእኛን የወደብ ሰዎች ነገር? የአገሩ ዕቃ ሁሉ በእኛ በር ይገባል፤ እኛ ግን ደጃፋችን ላይ የወረደውን ዕቃ ተራራ ወጥቶ እንደተመለሰ ቆጥረን እንገዛለን። ፍሪጁንም፣ ምጣዱንም፣ ቬንትሌተሩንም እንዲህ ስንከፍል ኖረናል። ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሙቀቱ ነው መሰለኝ፤ በዚያ ሙቀት ከመከራከር መክፈል ይቀላል።

ለእኔ ግን ይቀላል የሚባል ነገር የለም። ጠመኔ ተቀብዬ ሣጥኑ ላይ መንገዱን ሣልኩት። ማንዳን፣ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻን አስቀመጥኩ። የከባድ መኪና ነዳጅ አስላሁ፣ የጎማ መበላት አስላሁ። ለአፍ ዳገት የለውም ይባል የለ፣ ጣርማ በርን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። አዲስ አበባ ስደርስ ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ! ወላሂ፣ መኪና ላይ ብጭነው ኖሮ ይሻለኝ ነበር!» ብለው ማጓጓዣውን በእስክሪብቶ ሰረዙት።

ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ። ኪሴ ውስጥ ያለው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። አንባቢዬ፣ «ክፈልና ውጣ!» እያልክ እንደምትጮህ ይሰማኛል። ያኔ አልተሰማኝም። አንድ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

«መገጣጠሚያስ?» አልኩ። «መመሪያው እያለ፣ እኔም እያለሁ!» ወረቀቱን ከሣጥኑ ጎን ስቤ ካርቡሬተሩን ማስረዳት ጀመርኩ።

ከበስተጀርባዬ የሩዝ ጆንያ ላይ ሑመድ የሚባል ሰው ተቀምጦ ነበር። ከራሔይታ መንደር የመጣ ዓፋር ነው፤ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ። ክርክራችንን ከመጀመሪያው ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «መንገዱ የማይከፈለው ላንተ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?»

የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! «ለሁሉም ነው እንጂ!» ብዬ ከማንዳ ጀምሬ እንደገና ወጣሁለት። ሑመድ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ አመስግኖኝ ተነሣ፤ እኔ ወደ ካርቡሬተሬ ተመለስኩ። ቀና ስል ሐጂ ሳልህ ብር ይቆጥራሉ። ብሩ ከሑመድ ሽርጥ የወጣ ነው።

«ሐጂ! እኔ እኮ እየገዛሁ ነበር!»

«አንተ እያስተማርክ ነበር» አሉኝ። «የገዛው እሱ ነው።»

«ሌላ መቼ ይመጣል?»

«መርከብ ሲመጣ።»

«መርከቡስ?»

«አላህ ያውቃል።»

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ሲባል ሌላ ሰው የተመከረበት ይመስለኝ ነበር። ሰኞ ዐይኔ ላይ ተደቀነች፤ ጋሽ ንጉሤ የሚቀጥለውን ስም ሲጽፉ ታየኝ። ልወጣ ስል ሐጂ ለሑመድ «ገጣጣሚዬ ለሠርግ ወደ ዒድ ከተማ ሄዷል፤ እስከ ረቡዕ ጠብቅ» ሲሉት ሰማሁ። ሑመድ ወደ እኔ ዞረ።

«እገጥማለሁ ያልከው እውነት ነው ወይስ አፍ ነው?»

«እውነት ነው! መንዳትም አስተምርሃለሁ!»

«ዋጋህ ስንት ነው?»

«ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ማጣሪያው በር ላይ መድረስ።»

«ሌላስ? ማጓጓዣ፣ ምናምን ተከትሎ የሚመጣ?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

ሐጂ ሳልህ እያጉረመረሙ የመገጣጠሚያውን ዘጠና ብር ለሑመድ መለሱለት። ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን የተከራከርኩትን ሁሉ አሸንፌአለሁ። ገዢው ሌላ ሰው ሆነ እንጂ።

ቅዳሜን እያንዳንዷን ብሎን እያስረዳሁ ገጠምኩ። እሁድ ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ፍሪሲዮንና ማርሽ አስተማርኩት። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለምን እንደወደቀ ነገርኩት። በሦስተኛው ላይ «ወንድሜ፣ ዝም ስትል ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው» አለኝ። ሞክረን ዐየነው፤ እውነቱን ነው።

ሰኞ ንጋት ላይ ግን በጭነት መኪኖች መካከል ለመንዳት ገና ስላልደፈረ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወጣን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ንጉሤ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ዶቅዶቄውን ዞሩት።

«አዲስ ነው!»

«አዲስ ነው፣ ጋሼ።»

«መቼም ያንተ ክርክር ሻጩን አሳብዶታል።»

«ማጓጓዣውን አሰርዤዋለሁ።»

«አንተ ሊቅ!» ብለው ሳቁና ስሜን ጻፉ። ከኋላዬ ያለውን ሰው ሰላም አሉት። ሑመድም ሰላም ብሎ እጀታውን ተቀበለኝና፣ የጭነት መኪኖቹ እስኪያልፉ ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጋሽ ንጉሤ አልጠየቁኝም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያልተጠየቅሁትን ሳላስረዳ ወደ ሥራዬ ገባሁ።