ቀኝ ያነሳ ግራኝ

ግራኝ ሰው በዚህ አገር ደልቶት የኖረው በደርግ ዘመን ብቻ ነው ብል እንዳትቆጡኝ። ልጅ ሳለሁ በግራዬ በጎረስኩ ቁጥር እናቴ እጄን በማማሰያ እየነካካች ነው ያሳደገችኝ። አብዮቱ መጥቶ አገር በሞላ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሳ ሳይ ታዲያ፣ እሰይ፣ የኔም ቀን ወጣ አልኩ።

ወጥቶም ነበር... ትከሻዬ ባይበጠስ።

ያኔ ለናዝሬት እጅ ኳስ እጫወት ነበር። በግራዬ የወረወርኩትን ኳስ በረኛው የሚያገኘው መረቡ ውስጥ ነው (ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በረኞቹ ሌላ ሊሏችሁ ይችላሉ)። አንድ ቀን ስወረውር ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለና ኳሷ ወደ ጎል፣ እኔ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ኩባዊ ሐኪም ነበር። በአገሩ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ አሉ፤ ኳስ ወርዋሪዎቹን የሚጥላቸው ይኸው የኔው በሽታ ነው። በአስተርጓሚ ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሱ እስኪፈቅድልኝ ድረስ እጄ ከትከሻዬ በላይ እንዳይወጣ።

ቀላል ትእዛዝ ይመስላል አይደል? የዚያን ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ለማያውቅ ሰው ማለቴ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ እጅ ኳስ ሲባል ነፍሱን የማያውቅ ሰው ነበር። ከሞጆ ጋር የምንገጥምበት ቀን ስለ ደረሰ፣ ባገኘኝ ቁጥር ከእኔ ደህንነት በፊት የሚጠይቀው የትከሻዬን ነው። የእሑዱ ስብሰባ ግን የታመመም ያልታመመም የማይቀርበት ነበርና ሄጄ ከጎረቤቴ ከኦቦ ቱሉ ጎን ተቀመጥኩ።

መፈክር ሲጀመር አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ግራ እጁን ሰቀለ። እኔም ከሰው ላለማነስ ቀኜን ሰቀልኩ። በዚያ ሁሉ ግራ እጅ መሃል አንዲት ቀኝ እጅ ከመድረክ ላይ እንዴት እንደምትታይ አስቡት።

"ያ ቀኝ የማን ነው?" አለ ጓድ ደምሴ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በዚያን ጊዜ ቀኝ መንገደኛ መባል ምን እንደሚያስከትል ለምታውቁት አልነግራችሁም፤ የማታውቁትም ባትሰሙት ይሻላል። ግራኙ ሰውዬ ግራ ገባኝ። ሐኪሙን ላስብ ወይስ ልጆቼን? ኦቦ ቱሉ ኮቴን ጎተት አድርገው፣ "ዲሲ፣ ተወው፣ ታምሜ ነው በላቸው" ቢሉኝም የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ቀኜን አውርጄ ግራዬን ወደ ጣሪያው ወነጨፍኩት።

ጧ አለ።

ጩኸቴ ከመፈክሩ በላይ ወጣ። ከኋላ የነበሩት የአብዮታዊ ስሜት መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። ነገሩ ወዲያው የገባው ጓድ ደምሴ ብቻ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ከመድረክ ወረደና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ "ሞጆስ?" አለኝ።

ሐኪሙ ዳብሶኝ፣ የተሰፋው እንዳልተፈታ፣ ትንሽ ብቻ እንደ ተጎዳሁ፣ ልምምዱን ግን እንደ አዲስ እንደምጀምር ነገረኝና እጄን በፋሻ ካንገቴ ጋር አሰረው። ምን አድርገህ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ አስተርጓሚው እኔን አየ፣ እኔም አስተርጓሚውን አየሁ፤ ካልጋ ወድቄ ነው አልኩ። ሞጆዎችም መጥተው ያለ እኔ አሸንፈውን ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ጓድ ደምሴ ለትከሻዬ ከእኔ በላይ መሳሳት ጀመረ። በየስብሰባው ከፊት ያስቀምጠኝና፣ እጅ የሚወጣበት ጉዳይ ሲመጣ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ "ጓድ ግርማ በልቡ ደግፏል" ይላል። መዋጮ ሲጨመር በልቤ ደገፍኩ። የእሑድ ዘመቻ ሲታወጅም በልቤ ደገፍኩ። ልብህ ምን ይላል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ያ ሁሉ እጅ ሲወጣና ሲወርድ እኔ እጄን ታቅፌ፣ ውስጥ ውስጡን እምቢ እያልኩ፣ ተመችቶኝ ቁጭ ነው።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ፣ "ድነሃል፤ ከእንግዲህ እንደ ልብህ አንሳው" ባለኝ ቀን፣ እንደ እኔ የከፋው ስፖርተኛ በዓለም ላይ የነበረ አይመስለኝም።