እስከ ሰኞ ይቆይ

እኛ ሐበሾች ደስታን በስልክ፣ ሐዘንን በሽማግሌ ነው የምንልከው። ልጅ ሲወለድ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሲገኝ ፎቶው በደቂቃ ከፍራንክፈርት ዲላ ይደርሳል። ሞት ወይም ጠና ያለ ሕመም ሲሆን ግን ከባለጉዳዩ በቀር አገሩ ሁሉ ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ቀን ይቆርጣል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለመርዶም ይሠራል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ እኔን ብቻ አትዩኝ።

ደጀኔ ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም የሚባል ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ነው። እኔ የምኖረው ኒድ የሚባለው ሰፈር ነው፤ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ የምናመልክ የአንድ ጉባኤ ሰዎች ነን። ባለፈው መከር ባርሴሎና የአንድ ወንድማችን ሠርግ ነበረና፣ በእኔ አሮጌ መኪና ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ደጀኔ የሚሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። መንገድ ላይ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ሲደክሙ ሃምቡርግ ላለው ልጃቸው እሱ ራሱ ደውሎ እንደነገረው አጫወተኝ። ልጁ ባቡር ይዞ ደረሰ፤ እጃቸውን እንደያዘ አረፉ።

«እንዲህ ዱብ አድርጎ መንገር ጭካኔ አይደለም?» አልኩት።

«መጀመሪያ ለእኔም ጭካኔ ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ለምሳ ቆምን። ስሟን ብጽፍላችሁም አታነቡትም፤ እኔም አልቻልኩም። የመዝናኛው ወቅት አልፏል። ምግብ ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ ወንበሮቹ ተደራርበው በሰንሰለት ታስረዋል፣ ነፋሱ አሸዋውን አፋችን ውስጥ ይጨምራል። ባሕሩ ራሱ አመድ መስሏል። በመከራ ባገኘነው አንድ ክፍት ቤት የተጠበሰ ዓሣ በላንና ደጀኔ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ዳር ሄደ። በሥራ ብዛት ጎብጦ የማውቀው ሰው፣ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እየዘለለ ብቻውን ይስቃል። ያን ሳቅ እያየሁ ስልኬ ጠራ። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ናቸው።

«አጠገብህ ነው?»

«ራቅ ብሏል፣ ጋሽ መኮንን።»

«እናቱ ሆስፒታል ናቸው። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። እሳቸው ስሙን እየጠሩ ነው አሉ። እኅቱ መንገር አቅቷት ለእኛ አደረሰችው። መንገድ ላይ እንዳትነግረው፤ ይደነግጥብሃል። ሰኞ ጠዋት ተሰብስበን፣ ጸልየን እንነግረዋለን።»

«አሁን ደውሎ ድምፃቸውን ቢሰማስ?»

«እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፣ ልጄ። እስከ ሰኞ ይቆይ።»

ስልኩን ከመዝጋቴ ደጀኔ እግሩ በአሸዋ ተለውሶ መጣ።

«አኩዬ ሞተ፤ ስልክህን ስጠኝማ» አለኝ፣ ባትሪው ማለቁ ነው። «እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም። በቪዲዮ ላሳያት።»

ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ ገና ሙቀቱ እንኳ አልበረደም። ሰጥቼው ቢሆን እኅቱ ታነሣለች፣ ሆስፒታሉን ያያል፣ ያለቅሳል፤ እናቱ ግን ልጃቸውን ያዩታል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ። ሳላስብ ነው ያደረግኩት ብዬ አልዋሻችሁም።

«ኔትስ የለም እኮ እዚህ» አልኩት፣ ኔትወርክ ማለቴ ነው። «ማታ ባርሴሎና ስንደርስ።»

«ይሁና» አለ። ለማታ የሚሆን ብሎ ባሕሩን በእኔ ስልክ ቪዲዮ አነሣ። እየቀረጸ «እማ፣ ተመልከቺ፣ ዳርቻ የለውም እኮ» ይል ነበር። ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

ማታ ሲደውል እኅቱ «ተኝታለች» አለችው። በዚያ ሰዓት የእናቱ አፍ ተይዞ ነበር። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሠርጉ ላይ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ደጀኔ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ካለነው ግማሻችን እናውቅ ነበር።

እሑድ ወደ ፍራንክፈርት ተመለስን፤ ሰኞ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤቱ ሄድን። ጋሽ መኮንን ነገሩት። ካለቀሰ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓርብ ዕለት ትናገር ነበር?»

«ይናገሩ ነበር። እኛ ለአንተው ብለን ነው» አሉት። ወደ እኔ ግን ዞር አላሉም። ሊሸፍኑልኝ ፈልገው ይሁን ረስተውኝ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ስንወጣ ደጀኔ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። «አንተም ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ብታውቅማ ስልክህን ትሰጠኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ አልመጣም። ጋሽ መኮንን ይቅርታ ሊጠይቁት ሦስት ጊዜ ሄዱ፤ በሩን አልከፈተላቸውም። እኔ ስሄድ ይከፍታል። ስለ እናቱ ያወራኛል፤ እኔም እያፈርኩ እሰማዋለሁ። በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ፊቱን ሳየው ደግሞ ገና አልበረታም ብዬ እተወዋለሁ። ሽማግሌ ልላክበት እንዳልል፣ ከሁላችንም በሩን የሚከፍተው ለእኔ ብቻ ነው።