ቡና ላይ የተኛው ወንበዴ

ወንድ ልጅ አያድግም፤ ይወፍራል እንጂ። በዚህ አባባል የሚቆጣ ወንድ አንባቢ ካለ መጀመሪያ ሚስቱን ይጠይቅና ከዚያ ይቆጣ። እኔን ውሰዱኝ። አርባን ተሻግሬያለሁ፣ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ፣ መንገድ ላይ «ጋሼ» እባላለሁ። ታዲያ ይሄ ጋሼ ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ የጥገና መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? የባሕር ወንበዴ ቀለም ይቀባል። ያውም የሆላንድ የባሕር ወንበዴ።

«ሚዛን ላይ የምን ባሕር?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኛ ዘንድ ውሃ ከላይ ይወርዳል እንጂ ተኝቶ አይጠብቅም።

ነገሩን ያመጣብኝ ፒተር የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ቴፒ አካባቢ ለገበሬዎች የቡና አደራረቅ ሊያሳይ የመጣ ረጅም ሰው ነበር። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ሱቄ መጣ። እኔ ስልኩን ስፈታ እሱ ከቦርሳው ሳጥን አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ሰው ይደረድር ጀመር። ቁመታቸው አውራ ጣት የማይሞላ የፕላስቲክ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሰይፍ መዟል፣ አንዱ ሽጉጥ ደግኗል፣ አንዱ ገመድ ይጎትታል። ጨዋታው ጦርነት ነው። የኔ የሆላንድ ወንበዴዎች ካንተ የስፔን መርከበኞች ይዋጋሉ፤ እርምጃቸው በሴንቲሜትር ይለካል፣ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ እንደ ሉዶ ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስልኩ ጥገና ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ወደ አገሩ ሲመለስ የስፔኖቹን ጦር ይዞ የሆላንዶቹን ተወልኝ። ቀለም አልነካቸውም፤ አመድ ይመስላሉ።

«አንተ ሆላንዳዊ ሆነህ ሆላንዶቹን ለኔ?» አልኩት።

«የአገሬ ሰዎች ናቸው፣ አመላቸውን አውቀዋለሁ። እነሱን ማሸነፍ ይቀለኛል» አለ። «አዲሱ ቡና ሲሸጥ እመጣለሁ። ቀለም ቀብተህ፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተህ ጠብቀኝ። ስም የሌለው ሰው ቢሞት አያሳዝንም።»

ቀለሙ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሆላንዳዊ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ነጭ ስቀባቸው የሞቱ መሰሉ። ፒተርን በስልክ ጠየቅሁት፤ ቴፒ ሳለ የተነሣውን የክንዱን ፎቶ ላከልኝ። ከእጅጌው በላይ ወተት፣ ከእጅጌው በታች በርበሬ! እኔም እንደዚያው ቀባኋቸው። በዓለም ላይ የቴፒ ፀሐይ ያቃጠላቸው የባሕር ወንበዴዎች የኔዎቹ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለሱሪያቸው የባለቤቴን የመሰረትን ቀይ የጥፍር ቀለም ተጠቀምኩ። ጠርሙሱ ባዶ መሆኑን ያወቀችው ሠርግ ልትሄድ ስትዘጋጅ ነው፤ የተባባልነውን ለዚህ ዓምድ አይመጥንም ብዬ ትቼዋለሁ። ያልተቀባው የመጨረሻው ወንበዴ ከበሩ ቀለም በተረፈው ቡናማ ከራስ እስከ እግሩ ተለቀለቀ።

ይህን ቡናማ ሰው ልብ በሉልኝ።

ስሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ፒተር የሆላንድ ስሞች ልኮልኝ ነበር፤ ግን ኮርኔሊስ የቱ ነው፣ ሄንድሪክ የቱ ነው እያልኩ እኔው ተምታታብኝ። በመጨረሻ የማውቃቸውን ሰዎች ስም ሰጠኋቸው፤ የማውቀው ሰው ሲሞት በደንብ አዝናለሁ። በቀጭን ብዕር ከእግራቸው ሥር ጻፍኩት። ካፒቴኑን፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚወርደውን፣ «መሰረት» አልኩት። የጥፍር ቀለሙ ካሣ መሆኑ ነው። ከበርሜል ኋላ ተደብቆ አንድ ዓይኑን ብቻ ያወጣውን በራሴ ስም ጠራሁት። ቡናማው ሰውዬ ደግሞ የሚዋጋ አይደለም። በርሜል ላይ ተንጋሎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ማሰሮውን እጁ ሥር አድርጎ ተኝቷል። እሱን ሳይ የሚስቴ አባት አቶ ደምሴ ከምሳ በኋላ ትዝ አሉኝ። እጄ ቀደመኝና ጻፍኩት፤ «ደምሴ»።

የአማትን ስም በሰካራም ወንበዴ እግር ሥር መጻፍ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ማን ያየዋል?

ችግሩ ቀለሙ አልደርቅ አለ። ሚዛን ላይ ዝናብ ሲጀምር ልብስ እንኳ ገመድ ላይ ይሸብታል። ወንበዴዎቹን መስኮት ላይ ደረደርኳቸው፣ አልሆነም። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አወጣኋቸው፤ አንዱ ሽሮ ውስጥ ወደቀና መሰረት ሁሉንም ከወጥ ቤት አባረረቻቸው። ስለዚህ እሑድ ሸዋ ቤንች ወደ አቶ ደምሴ ቤት ስንሄድ በካርቶን ይዣቸው ሄድኩ። ፀሐይ ወጥቷል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለ የማድረቂያ ቦታ አለ፣ የቡና አልጋ።

ለማያውቅ ልንገር። የቡና አልጋ ማለት በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ የተወጠረ ሽቦ ነው፤ ቡናው እዚያ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። አቶ ደምሴ በዚህ ዓመት ቀዩን ብቻ እየመረጡ አስለቅመው፣ እንደ ሕፃን እየገለባበጡ ያደርቃሉ። ማኅበራቸው ቃል ገብቶላቸዋል፤ ቡናው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ከሌላው ሳይደባለቅ፣ በጆንያው ላይ ስማቸው ተጽፎ ይሸጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡናቸው ከሰው ቡና ጋር ተደባልቆ የሄደባቸው ሰው ናቸው። ይህችን ነገር እንዴት እንደሚመኟት ፊታቸው ላይ ይነበባል። አንድ ባዕድ ነገር ከተገኘበት ግን ወደ ክምሩ ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ አልጋ ላይ ዶሮ ጥላዋን እንኳ አታሳርፍም።

እኔ ወንበዴዎች አሳረፍኩበት። ጥጉ ላይ፣ ቡና የሌለበት ባዶ ሽቦ ላይ ነው እንጂ! ለምሳ ተጠራሁ፤ ገባሁ።

ገና ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ሰማዩ ጠቆረ። በኛ አካባቢ ቡና የተሰጣበት ቤት ደመና ሲመጣ እንግዳ የሚባል ነገር የለም። አማችም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ጉርሻውን በጉንጩ ይዞ ይሮጣል። አሥር እጅ ቡናውን ከዳር ወደ መካከል ይሰበስባል፣ ላስቲክ ይለብሳል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ስደርስ የኔዎቹም ከዳር ወደ መካከል እየተሰበሰቡ ነበር። በቻልኩት መጠን እያፈስኩ ኪሴ ከተትኩ። ቀይ ሱሪያቸው አዳናቸው። ቤት ስደርስ ካርቶኑ ላይ ደረደርኳቸውና አንድ ጎደለ።

ቡናማው። የደረቀ ቡና የሚመስለው። ስሙ ከእግሩ ሥር የተጻፈው።

አስቡልኝ እንግዲህ። የማኅበሩ መርማሪ ናሙናውን ሲዘረጋ መካከል ላይ አንድ ሰካራም ተኝቶ ቢገኝ፣ ገልብጠው ሲያነቡት «ደምሴ» ቢል… የሰውየው ቡና ስሙን ያጣል፣ እኔ ሚስቴን።

በማግሥቱ በጠዋት ሸዋ ቤንች ተገኘሁ።

«አባባ፣ ለቀማ ላግዝዎት ብዬ ነው።»

አቶ ደምሴ ብዙ አያወሩም። ከቤንችኛ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ደግሞ ቃሉን በጣም ይቆጥቡታል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«ጤና ነህ?»

«ጤና ነኝ አባባ።»

«እንግዲያስ ልቀም።»

ለቀምኩ። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ የተበሳውን፣ ፍሬ በፍሬ እያየሁ አወጣሁ። የጥገና መነጽሬን ሰክቼ ነው የምለቅመው። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በሦስተኛውም። ወገቤ እምቢ አለ። ሱቄ ተዘጋ፤ ደንበኞቼ ተናደዋል፣ ግን ስልካቸው እኔ ዘንድ ስለሆነ ደውለው ሊሰድቡኝ አልቻሉም። ዝናብ ሲመጣ አለብሳለሁ፣ ፀሐይ ሲወጣ እገልጣለሁ። አቶ ደምሴስ? የመጀመሪያው ቀን አብረውኝ ለቀሙ። ከዚያ በኋላ ጥላው ሥር ጆንያ ላይ ተንጋለው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው፣ ቦርዴ የሚባለውን የእህል መጠጥ የያዘ ቅላቸውን እጃቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ። ቀና ብዬ ባየኋቸው ቁጥር ወንበዴዬ ያድጋል እንጂ አይገኝም።

«አባቴ ስላንተ ለመንደሩ ሁሉ እያወሩ ነው አሉ» አለችኝ መሰረት አንድ ማታ። «አማች ማለት እንደሱ ነው እያሉ። ምን ነካህ ግን?»

«ፍቅር ነው» አልኳት። ማፈሬን ግን አልደብቃችሁም። ሰውየው በኔ ይኮራሉ፤ እኔ ስማቸውን አሰክሬ እየፈለግሁ ነው።

ቡናው ደረቀ። ወንበዴው አልተገኘም። ጆንያዎቹ ሲሰፉ እውነቱን ልናገር አልኩና ዋጥኩት። የማኅበሩ መጋዘን አብሬያቸው ሄድኩ። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ ከየጆንያው ዘግና ሰፊ ትሪ ላይ ዘረጋችው። በእጇ ከፈለችው፣ አገላበጠችው። አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀምሬያለሁ። የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው? እሷ ግን ቀና አለች።

«ማን ነው የለቀመው?»

አቶ ደምሴ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«እንዲህ የተለቀመ ቡና ዘንድሮ አላየሁም» አለች። ቀለም አንሥታ ጆንያው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ደ… ም… ሴ…። ሽማግሌው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዓይናቸው ውሃ አቆረ፣ የኔም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጋዘኑ ከዓይናችን ሲርቅ አቶ ደምሴ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ መሐረብ አወጡ፣ በቀስታ ፈቱትና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። ቡናማው ሰውዬ እንደተንጋለለ ነው። አልነቃም።

«አባባ… መቼ አገኙት?»

«ያን እሑድ። አንተ ወደ ምሳህ ስትመለስ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስለቅም ለምን አልነገሩኝም?»

«ዝም አይነቅዝም።»

አፍሬ ልሞት ደረስኩ። «ከእግሩ ሥር ያለውን… አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«አባባ፣ ለንቀት አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«የምን ይቅርታ?» አሉ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል። ሰውየው ተኝቷል፣ አማቹ ይለቅማል። የቱ ጋ ነው ስሕተቱ?»

ይህን ብለው ወደ ኋላ ተንጋለሉ፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ተኙ ብዬ ወንበዴውን ኪሴ ስከት ከባርኔጣው ሥር ድምፅ መጣ።

«ለከርሞም አንዱን ጣል አድርግልኝ።»